ስልካችን ውስጥ ያለው ብር የት ነው?

በቂርቆስ መንደሮችና ከፈረሰው ካዛንቺስ በተረፉት ሻይ ቤቶች ሒሳብ በስልክ ሲከፈል በየቀኑ አያለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ለመሆኑ ስልኩ ላይ «አለ» የሚባለው ብር የት ነው ያለው?

ስልኩ የያዘው ገንዘቡን ሳይሆን መዝገቡን ነው። መቶ ብር ለወኪል ሰጥተን ቴሌብር ስናስሞላ፣ አውጪው ድርጅት የመቶ ብር ባለዕዳችን ሆነ ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 718/2003 መሠረት ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም በፈቃድ ይህን ሥራ እንዲሠሩ በር ተከፈተ። ቴሌብርም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ።

ሆኖም በሩ ያለ ዘበኛ አልተከፈተም። መመሪያው አውጪው በደንበኞቹ ስልክ ላይ ከሚታየው ድምር ጋር እኩል የሆነ ገንዘብ፣ ከራሱ ሀብት ለይቶ ባንክ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ይህ ከጎደለ ስልኩ ላይ የሚቀረው ቁጥር ብቻ ነው።

የቅዱስ ቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍና ማስመስከር ነው። እንግዲህ ሻጭ የከፋዩን ስልክ ሳይሆን የራሱን መዝገብ አይቶ ይመን። ብሔራዊ ባንክም ምስክራችን ነውና፣ የተቀመጠው ገንዘብ ከዕዳው ጋር እኩል መሆኑን በየጊዜው ለሕዝብ ይንገር። ወላሁ አዕለም።