ውፍረት የጤና ምልክት ነውን?

በአገራችን «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ማለት ሙገሳ ነው። ረሃብን ደጋግሞ ያየ ሕዝብ ሥጋ መጨመርን የጥጋብ ምልክት አድርጎ ቢያየው አያስገርምም። ይሁንና ይህ አመለካከት ዛሬ የከተማውን ነዋሪ በሽታን እንደ ድሎት እያስቆጠረው ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 ከመቶ ደርሰዋል። በ1992 ዓ.ም. 3 ከመቶ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት የከተማው ብቻውን ሲታይ 21 ከመቶ፣ የገጠሩ ደግሞ 4 ከመቶ ነው።

ይህን ልዩነት እኔ ዱርቤቴ ውስጥ በገበያ ቀን አስተውየዋለሁ። ከአቸፈር ገጠር የምትመጣው ሴት ሸክሟን አዝላ ለሰዓታት በእግሯ ትጓዛለች፤ ምግቧ የዳጉሳ ወይም የበቆሎ እንጀራ በሽሮ ነው። የከተማዋ ባለሱቅ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበሯ አትነሳም። ሻይዋ ስኳር፣ ወጧ ዘይት የበዛበት ነው፤ ወደ ቤቷም የሚመልሳት ባጃጅ ነው። ሁለቱም የአንድ ወረዳ ልጆች ናቸው።

ሰውነት ሠርቶ ከሚጨርሰው በላይ የገባለትን ምግብ በስብ መልክ ያከማቻል። በተለይ በሆድ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል፤ በደም ውስጥ ስኳር ይበዛል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብና ኩላሊት ይጎዳሉ። እነዚህ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ይፈልጋሉ። ቤተሰቡን የምታስተዳድረው እናት ስትታመም ለልጆቿ ደብተርና ልብስ የታሰበው ገንዘብ ለመድኃኒት ይውላል።

«የሚበላ ያጣ ሕዝብ ባለበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው በምግብ እጥረት ቀንጭረው ተገኝተዋል። ነገር ግን በሕፃንነቱ የተጎዳ አካል በኋላ ሲወፍር ለስኳር በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ስለዚህ የትናንቱ ረሃብ የዛሬውን ውፍረት ይበልጥ አደገኛ ያደርገዋል።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በለስላሳ መጠጦችና ጎጂ ቅባት በበዛባቸው ዘይቶች ላይ ታክስ ጥሏል። አዋጅ ግን እጃችንን ከማዕድ አይመልስልንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሆዳችን ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንድንተው አስተምረውናል። ታዲያ በረመዳን ቀኑን ጾመን ማታ በሳምቡሳና በጣፋጭ መጠጥ የምናካክስ ከሆነ ከጾሙ ምን ተማርን?

ዛሬውኑ መጀመር እንችላለን። ወደ መስጊድ በእግራችን እንሂድ፣ የሻዩን ስኳር እንቀንስ፣ ዘይቱን በማንኪያ እንለካ፣ ሳይብስብን ግፊትና ስኳራችንን እንመርመር። ከማዕዳችን የቀነስነውም ጎረቤት ላለ ለተራበ ሕፃን ይድረስ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን።