የአብራሪው ውልና የዋሱ ሕሊና

ጥያቄ፦ በአሠሪው ወጪ አብራሪነት የተማረው የወንድሜ ልጅ የአገልግሎት ዘመኑን ሳይፈጽም ወደ ዓረብ አገር ኩባንያ ሊሻገር አስቧል፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ነውር ነውን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በአሜሪካውያን አብራሪዎች እጅ በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ የአገሩን ልጆች በራሱ ትምህርት ቤት እስኪያሠለጥን መድረሱን ስናስብ፣ ለትምህርት የወጣ ገንዘብ በአገልግሎት ይመለስ ማለት በራሱ ግፍ አይደለም፤ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ተማሪም እንጨት እየለቀመ፣ ውሃ እየቀዳ መምህሩን ያገለግል ነበርና (መምህሩ ግን ዋስ አይጠራም ነበር)። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይጸናል ይላል። ይሁን እንጂ ውሉ የሚጠይቀውን ዕዳ ከፍሎ፣ አስታውቆ የሚሰናበተውን ሰው ቃል ኪዳን አፍራሽ ልለው አልደፍርም፤ ነውሩ በሌሊት ተሰውሮ የአጎቱን ቤትና ጥሪት ለባለገንዘብ ትቶ መሄዱ ነው። ቁጥር 1922 የዋስትናው ከፍተኛ ገንዘብ ካልተወሰነ ዋስትናው አይጸናም ስለሚል፣ የፈረሙትን ወረቀት አውጥተው ይመርምሩ፤ ልጁንም ጠርተው ከመሄዱ አስቀድሞ ከአሠሪው ጋር እንዲተሳሰብ ያድርጉ።