ስለ በዓል ቀንና በቤት ስለሚሰጥ የልጆች ትምህርት

ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ ልጅ የተማረውን ፊደልና ቍጥር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በመስከረም ሲመለስ ግን ብዙውን ጊዜ እኩሌታውን ረስቶት ይገኛል። መምህሩም የዓምናውን ሲደግም ብዙ ቀን ያልፍበታል። ከትምህርት ቤት ርቆ በቤቱ ብቻ የሚማረው ልጅ ደግሞ ከአባትና ከእናቱ በቀር የሚያስጠናው የለውም። አባትዮውም «እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ ምን አስተምረዋለሁ?» ይላል። ነገር ግን ይህ ሰው በዓላቱን አንድ ቀን ሳያዛንፍ የሚያውቅ፥ የእህሉን መስፈሪያ በልቡ የሚደምር ሰው ነው፤ የሚያውቀውን ለልጁ መንገር ብቻ ቀርቶታል።

የክረምት መውጫ በዓላት ለዚህ ነገር እጅግ የተመቹ ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። ልጆች ጅራፍ ይገምዳሉ፥ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፥ ሙልሙልም ይሰበስባሉ። አምስት ልጆች 17 ሙልሙል ያገኙ እንደ ሆነ ለየራሳቸው 3 ደርሷቸው 2 ይተርፋል። ጠቡም የሚነሣው በተረፉት በሁለቱ ነው። አባት መጥቶ ቈርሶ ቢያካፍላቸው ጠቡ ይበርዳል፥ ትምህርቱ ግን ያመልጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ «ስንት ደረሳችሁ? ስንትስ ተረፈ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ትራፊ የሚሉት ነገር ኋላ ለትልቅ ሒሳብ በር የሚከፍት ነውና፥ ልጅ በሙልሙል ቢለምደው ይሻላል።

በበዓል ዋዜማ ወንዶቹ ሲጫወቱ ሴቶቹ ልጆች ውሃ ይቀዳሉ፥ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ከትምህርቱም ተለይታ የምትቀረው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ይህ ትልቅ ጕዳት ነው፤ ማድ ቤት ከሌላው ስፍራ ሁሉ ይልቅ ሒሳብ የሞላበት ቤት ሆኖ ሳለ! ዶሮ በ12 ብልት ይገነጠላል። እናት ወጡን እያማሰለች «ይህ 12 ብልት ለ6 ሰው ቢሆን ለየአንዱ ስንት ይደርሰዋል? ለ4ስ? ለ5 ቢሆንሳ?» ብላ ትጠይቅ። ልጅቱም 12 በ2፥ በ3፥ በ4ና በ6 ያለ ትራፊ እንደሚካፈል፥ በ5 ግን 2 እንደሚተርፍ ራሷ ታገኘዋለች። ጠጅ በሚጣልበት ጊዜ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ የሚበጠበጥ ከሆነ፥ ለ4 ጣሳ ማር ስንት ጣሳ ውሃ እንደሚያስፈልግ እርስዋ ትናገር። ሊጡ ለምን ኩፍ እንደሚልም ይነገራት፤ በእርሾው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ስላሉ፥ እነርሱ ከሊጡ ተመግበው አየር ያወጣሉ፥ አየሩም ሊጡን ይነፋዋል።

ደመራ ሲተከል የዕንጨቱ ጥላ በጧትና በቀትር ስንት ክንድ እንደ ሆነ መለካት ይቻላል፤ ይህም እሳቱ ሳይለኰስ፥ ታላቅ ሰው አጠገባቸው ሳለ ይሁን።

ከሁሉ የበለጠው ግን የእንቍጣጣሽ ትምህርት ነው። በዚያን ቀን ካህናት የዓመቱን ወንጌላዊ፥ የጾሙንና የፋሲካውን ቀን ያውጃሉ። ልጅ ሰምቶ «በምን ዐወቁት?» ያለ እንደ ሆነ፥ «ይህ የካህናት ነገር ነው» ብሎ ማባረር አይገባም። ባሕረ ሐሳብ መደመር፥ መቀነስ፥ ማባዛትና ማካፈል ነውና፥ እነዚህን የለመደ ልጅ ሊሠራው ይችላል።

ለምሳሌ 2018 ዓመተ ምሕረትን ይውሰድ። በ5500 ላይ ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። በ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፥ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነውና፥ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ተደምረው 9397 ይሆናሉ፤ በ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ማክሰኞን 1 ብሎ ሲቈጥር 3 ሐሙስ ላይ ይወድቃል፤ መስከረም 1 ቀን የዋለውም ሐሙስ ነው።

እንደ ገና 7518 በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስለት 12 ይቀራል፥ ይህም ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፥ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 228 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይተርፋል፥ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ልጁ ስቷልና ወደ ኋላ ይመለስ። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፥ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል። መስከረም 18 ቀን እሑድ ነው። ለየዕለቱም ተውሳክ አለው፤ ለቅዳሜ 8፥ ለእሑድ 7፥ ለሰኞ 6፥ እንዲሁ እየቀነሰ እስከ ዓርብ 2 ይደርሳል። 18ና 7 ተደምረው 25 ይሆናሉ፤ መጥቅዑ በመስከረም ስለ ሆነ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል። ድምሩ ከ30 ቢያልፍ ኖሮ 30ው ተገድፎ ወደ የካቲት በተሻገረ ነበር። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነውና፥ በጥር 25 ላይ 2 ወር ከ9 ቀን ሲጨመር ሚያዝያ 4 ቀን ይገኛል።

«ወንበሩ ስለ ምን በ11 ይባዛል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ብልህ ልጅ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፥ የጨረቃ 12 ወር ግን 354 ቀን ስለ ሆነ ልዩነታቸው 11 ነው። ይህንኑ የሙስሊም ጎረቤቱ ልጅ በዓይኑ ያሳየዋል፤ የኢድ በዓል ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፥ በ33 ዓመት ያህልም በጋውንና ክረምቱን ይዞራል። ሁለቱ ልጆች በአንድ ደጅ ተቀምጠው አንዱ አበቅቴውን፥ ሌላው የኢዱን ቀን ቢቈጥሩ ያንኑ 11 ያገኙታል።

ገናም ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል በዘመነ ዮሐንስ 28 ቀን የሚሆነው፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን 6 ቀን ስለምትሆን ነው።

በበዓል ቀን አርጩሜ ይዞ የሚያስቈጥር አባት ግን በዓሉንም ትምህርቱንም ያስጠላል። ሁለት ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ይጫወት። ስሕተቱንም እንግዳ በተቀመጠበት አይግለጡበት።

ምሳሌውን የጨረሰ ልጅ የ2019ን ዓመት ብቻውን ይሥራ። መጥቅዑ 7 ሆኖ ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ልጆች ሊስቱ የሚችሉት በዚህ ነው። በደኅና የሠራ ልጅ ነነዌን የካቲት 15፥ ፋሲካን ሚያዝያ 24 ቀን ያገኛል። ያገኘውን ቀን በግድግዳው ላይ በከሰል ጽፎ ያቈየው፤ መስከረም 1 ቀን ካህናቱ ሲያውጁ ከእናቱ ጋራ ሄዶ ያስተያየው።