ከበሽታ ስለ ተረፈው የኦይስተር ዘር

ኦይስተር በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር፥ አጥንት የሌለው የባሕር እንስሳ ነው። በባሕር ዳር የሚኖሩ ብዙ ሕዝቦች ሥጋውን ስለሚበሉት፥ ገበሬ እህልን በእርሻው እንደሚያለማ እነርሱም ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ያረቡታል። ዘርን መርጦ ማርባት ምን እንደሚጠቅም ከዚሁ ሥራ የተገኘው ታሪክ ያስረዳናል።

በአሜሪካ፥ ኒው ጀርሲና ዴላዌር በሚባሉት ክፍለ አገሮች መካከል የዴላዌር ባሕረ ሰላጤ አለ። በ1957 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ኤም ኤስ ኤክስ የተባለ በሽታ በዚያ ተነሣ። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ፍጥረት ነው፤ ሰውን አይጐዳም፥ ኦይስተርን ግን ይገድላል። እስከ 1959 ዓ.ም. ድረስ በታችኛው የባሕረ ሰላጤው ክፍል ለገበያ ይረቡ ከነበሩት ከመቶው ከ90 እስከ 95 የሚሆኑት ሞቱ። ኑሯቸውን በዚህ ሥራ የመሠረቱ ሰዎችም ተቸገሩ።

የቀሩት ጥቂቶች ግን ስለ ምን ተረፉ? የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ሃሮልድ ሃስኪን ይህን ነገር አስተዋሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተረፉትን ሰብስበው አራቡ፤ ልጆቻቸውንም በሽታው ባለበት ውሃ አኖሩ፤ ከእነዚያም የተረፉትን ደግሞ ለወላጅነት መረጡ። ይህ ሥራ ለብዙ ትውልድ በተደጋገመ ጊዜ፥ ከተመረጠው ዘር በሕይወት የሚተርፈው ካልተመረጠው ዘር ይልቅ ብዙ እጥፍ ሆነ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች እንዳይሳሳቱ መምህሩ ይጠንቀቅ። በሽታው ኦይስተርን ብርታት አላስተማረውም። እያንዳንዱ ከአባቱና ከእናቱ የሚወርሰው ባሕርይ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ አንዱ ለበሽታው የሚበገር፥ ሌላው የሚቋቋም ሆኖ ይወለዳል። በሽታው ደካሞቹን ሲያጠፋ፥ ብርቱዎቹ ቀርተው ባሕርያቸውን ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። ስለዚህ ለዘር የሚመረጠው መልኩ ያማረው ሳይሆን በፈተና የተመሰከረለት ነው።

ሁለተኛ ጥንቃቄ አለ። አንዲት እንስት ኦይስተር ብዙ ሚሊዮን ዕንቍላል ስለምትጥል፥ አርቢው ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ብቻ እርሻውን ለመሙላት ልቡ ይከጅል ይሆናል። ነገር ግን ወንድምና እኅት እርስ በርሳቸው እየተራቡ ሲሄዱ ትውልዱ ይደክማል፥ ዕድገቱም ይቀንሳል። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ዘመድን እስከ ሰባት ቤት እንደሚቈጥሩ፥ አስተዋይ አርቢም የወላጆቹን ትውልድ በመዝገብ ይጽፋል፤ ብዙ ወላጆችንም ይጠብቃል።

ደግሞም አንዱን በሽታ የሚቋቋም ዘር ሌላውን ሁሉ ይቋቋማል ማለት አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ዴርሞ የተባለ ሌላ በሽታ በዚያው ባሕረ ሰላጤ በበረታ ጊዜ፥ ኤም ኤስ ኤክስን የቻለው ዘር በዴርሞ ተጠቃ። ሊቃውንቱም ሁለቱን የሚቋቋም ዘር ለማግኘት ምርጫውን እንደ ገና ቀጠሉ። እንግዲህ ዘርን መምረጥ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም፤ አባት ለልጅ፥ መምህርም ለተማሪ የሚያስረክበው ነው።

ጥያቄ።
1. ከበሽታው የተረፉት ኦይስተሮች ስለ ምን ለዘር ተመረጡ?
2. ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ብቻ ማርባት ምን ጉዳት ያመጣል?
3. ኤም ኤስ ኤክስን የቻለው ዘር በዴርሞ መጠቃቱ ምን ያስተምራል?