አዲሱ ኢንኮደር ምን ይጨምራል?

የካሴት ክምችታቸውን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ድምፅን ወደ ኤምፒ3 ለሚለውጠው ፕሮግራም፣ ማለትም ለኢንኮደሩ፣ አዲስ ቨርዥን ወጥቶለታል፤ የድሮውም ያለ እንከን እየሠራ ነው። ይቀየር ወይስ ባለበት ይቅር? ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ «አዲስ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለውም ሆነ «የሚሠራን ነገር አትንካ» የሚለው መልስ አይበቃም። ሌም የተባለውን፣ በነፃ የሚገኘውንና በብዙ ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥ ያለውን ኢንኮደር ይዘን እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የኤምፒ3 ደረጃ ምን እንደሚደነግግ ነው። በ1993 የታተመው ሰነድ አጥብቆ የሚያዘው ፋይሉ እንዴት እንደሚጻፍና ማጫወቻው እንዴት እንደሚፈታው ነው። ከድምፁ የትኛው ይጣል፣ የትኛው ይቆይ የሚለውን ግን ለኢንኮደር ሠሪው ትቶለታል። ስለዚህ ሁለት ኢንኮደሮች ከአንድ ዘፈን መጠናቸው እኩል የሆነ፣ ለጆሮ ግን የተለያየ ፋይል ሊያወጡ ይችላሉ። ኢንኮደሩ ሲሻሻልም ማጫወቻ መቀየር አያስፈልግም።

ሥራው ደግሞ ከባድ ነው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል። ወደ 128 ሲወርድ የሚቀረው ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ኢንኮደሩ ጆሮ የማይለየውን፣ ማለትም በጎላ ድምፅ ሥር የሚሸፈነውን እየመረመረ ይጥላል። የሚቸገረው ድንገት በሚነሳ ድምፅ ላይ ነው። ክራር ሲመታ፣ ከዝምታው ጫፍ ላይ ድምፁ ድንገት ይነሳል። ኢንኮደሩ ድምፁን የሚመለከተው 26 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በሚሸፍን መስኮት ነው፤ በማጠጋጋት የሚፈጠረው ስህተትም በዚያ መስኮት ውስጥ ሁሉ ይበተናል። ውጤቱ ምቱ ከመድረሱ በፊት የሚሰማ፣ የተበተነ አሸዋ የሚመስል ሽሽታ ነው። ጥሩ ኢንኮደር ምቱ እየመጣ መሆኑን ቀድሞ ያውቅና ወደ አጫጭር መስኮቶች ይቀይራል። ደካማው ይዘገያል ወይም ጭራሽ አያደርገውም። የሠርግ ዘፈን ላይ ያለው ጭብጨባ ከዚህም ይብሳል፤ በየቅጽበቱ አዲስ ምት ስለሆነ ኢንኮደሩ ፋታ አያገኝም። የፕሮግራምን ጥራት መፈተን የሚፈልግ ሰው ለስላሳ ትዝታ ሳይሆን ጭብጨባ ያለበትን ቅጂ ይስጠው።

አሁን ወደ ሌም ታሪክ። ሥራው በ1998 በማይክ ቼንግ ሲጀመር ራሱን የቻለ ፕሮግራም እንኳ አልነበረም፤ ደረጃውን ካወጣው ድርጅት የናሙና ኮድ ላይ የሚለጠፍ ማሻሻያ ነበር። በኋላ ማርክ ቴይለር ተረክቦት አዲስ የመስማት ሞዴል ገባለት፤ በ2000 የናሙናው ኮድ ሙሉ በሙሉ ተተካ። በእነዚያ ዓመታት ቨርዥን መቀየር ትልቅ ትርጉም ነበረው። ያኔም ቢሆን ግን አዲስ ሁሉ የተሻለ አልነበረም። 3.93 እና 3.95 ከወጡ በኋላ እንኳ ጠንቃቃ አድማጮች 3.90.3ን አልለቀቁም ነበር። ምክንያታቸው ትክክል ይመስለኛል፦ የድሮው በብዙ ጆሮ ተፈትኖ ነበር፣ አዲሶቹ ገና ነበሩ። በኮድ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የተደረገ ማሻሻያ ሌላ ቦታ ያለውን ማበላሸቱ የተለመደ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ረግቷል። በ2008 የወጣው 3.98 እንደ ድምፁ ክብደት ቢቱን የሚጨምርና የሚቀንሰውን ፈጣን አሠራር መደበኛ አደረገው። 3.100 የወጣው በ2017 ነው። ቁጥሩ አያሳስት፤ 3.100 ከ3.99 ቀጥሎ የመጣ እንጂ ወደ 3.1 የተመለሰ አይደለም። በአብዛኛው የያዘው የስህተት እርማት ነው፤ በድምፅ ላይ ያመጣውን ለውጥ መለየት እጅግ ይከብዳል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በእጅ ያለው ሌም ከ3.98 በፊት የወጣ ከሆነ ያለ ማቅማማት ይቀየር። ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነና አማካዩ 190 ኪሎቢት ገደማ በሚሆነው፣ ቪ2 በሚባለው የጥራት ደረጃ የሚሠራ ከሆነ፣ ለድምፅ ጥራት ተብሎ መቸኮል አያስፈልግም። ሆኖም ከየቦታው የመጣ ፋይል የሚቀበል ሰው ስለ እርማቶቹ ሲል ያድሰው። ብዙ ጊዜ ለብቻው ማውረድም አያሻም፤ ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቅጃና ማረሚያ ፕሮግራም ከ2019ኙ 2.3.2 ጀምሮ ሌምን በውስጡ ይዞ ይመጣል። ፋይሉ በየትኛው ቨርዥን እንደተሠራ ለማወቅ ሚዲያኢንፎ በተባለው ፕሮግራም መክፈት ነው፤ ሌም ስሙንና ቁጥሩን ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል።

ይህን ፍርድ ማንም ሰው በራሱ ጆሮ ሊፈትነው ይችላል። ዋናው ቅጂ ሀ፣ የተጨመቀው ለ ይሁን። ኤቢኤክስ የሚባለው ፈተና ከሁለቱ አንዱን ስሙን ደብቆ ያሰማል፤ አድማጩ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ከ16 ጊዜ 12ቱን የለየ ሰው በግምት ብቻ ይህን ያህል የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 4 ገደማ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ሰምቷል ማለት ይቻላል። 9ኙን ብቻ ከለየ ግን መስማቱ አልተረጋገጠም። ስሙ እየታየ የሚደረግ ንጽጽር ዋጋ የለውም፤ አዲስ መሆኑን ያወቀ ጆሮ አዲስ ነገር ይሰማል።

ከቨርዥን ምርጫ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አዲስ ኢንኮደር ያገኘ ሰው የድሮ ኤምፒ3ዎቹን ሰብስቦ እንደገና ያስጨምቃቸዋል። ይህ ጉዳት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጭመቃ የተጣለው ተጥሏል፤ ሁለተኛው በተራፊው ላይ ሌላ ይጥላል። ጀበና ስለተቀየረ በረካ ወደ አቦል አይመለስም። በ128 የነበረው በ320 ቢጻፍም ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ክራሩ አይጠራም።

ስለዚህ ካሴት ሲገለበጥ መጀመሪያ ምንም በማይጥለው በፍላክ ይቀመጥ። የ60 ደቂቃ ካሴት በሲዲ ጥራት ሳይጨመቅ 635 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በፍላክ ከዚያ ያንሳል፣ የቴፑ ሽሽታ ግን መቀነሱን ይገድበዋል። የካሴት ቴፕ እያደር ስለሚያረጅ ይህ ቅጂ ምትክ ላይኖረው ይችላል። የፍላክ ፕሮግራም ሲታደስ ደግሞ የሚለወጠው ፍጥነቱና የፋይሉ መጠን ነው፤ ተፈትቶ የሚወጣው ድምፅ ያው ነው። ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከዚያ ላይ በፈለጉት ቨርዥን በፈለጉት ጊዜ ማውጣት ይቻላል።

ካሴቱ ጠፍቶ ኤምፒ3ው ብቻ የቀረስ? እርሱ አሁን ዋናው ቅጂ ሆኗል፤ ሳይነካ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። መቁረጥ ካስፈለገ ኤምፒ3 ዳይሬክት ከት የተባለው ፕሮግራም እንደገና ሳይጨምቅ ይቆርጣል። ድምፁ ዝቅ ያለ ከሆነ ኤምፒ3 ጌይን የተባለው ፕሮግራም በፋይሉ ውስጥ ያለውን የመጠን ቁጥር ብቻ ይለውጣል፤ አንዱ እርከን 1.5 ዴሲቤል ነው፣ ያልተወደደ እንደሆነም ወደ ነበረበት ይመለሳል።