«መቼ?» ለሚል ልጅ የሚሰጥ መልስ

ሕፃናት «መቼ?» ተብለው ሲጠየቁ መመለስ የሚጀምሩት «ምንድን ነው?»፣ «ማን ነው?»፣ «የት ነው?» የሚሉትን ከለመዱ ብዙ ቆይተው ነው። ዕቃ በጣት ይጠቆማል፣ ሰው በስሙ ይጠራል፣ ቦታ ተሄዶ ይታያል፤ ጊዜ ግን አይያዝ፣ አይታይ። በ3 ዓመታቸው ብዙ ልጆች ያለፈውን ሁሉ «ትናንት» ይሉታል፤ ዛሬ ጠዋት የሆነውም፣ አምና የሆነውም ትናንት ነው። ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ የቱ እንደ ቀደመ፣ የቱ እንደ ተከተለ መለየት ይጀምራሉ። ሰዓት ማንበብና የወራትን ተራ ማወቅ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ቀስ እያለ ይመጣል። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1946 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ትንንሽ ልጆች ርቆ የሄደው ሁሉ ረጅም ጊዜ የፈጀ እንደሚመስላቸው ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ስልክ ላይ 7፡00 የሚለው በሰው አፍ 1 ሰዓት ነው፤ ሰዓት ቆጠራው ከንጋት ስለሚነሣ ልጁ ሁለት አቆጣጠር አብሮ መልመድ አለበት። ደብዳቤ የደረሰን ከደቡብ ምዕራቧ ማሻ ነው፤ ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ3 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ ፀሐይ 13 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትደርስባታለች። ደመናውና ዝናቡ ሲጨመርበት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገና በደንብ አልነጋም። ስለዚህ የማሻ ልጅ ጊዜን የሚማረው ከግድግዳ ሰዓት አይደለም። ከቤቱ ውሎ ነው፦ ከቁርስ በፊት፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ከብት ሲገባ። የዓመቱን ደግሞ ከቡና ለቀማና ከአካባቢው የዘመን መለወጫ ከማሽቃሮ በዓል ይማራል።

ከማሻ የጻፉልን እናት የጠየቁት ጊዜን ለልጅ ስለ ማስተማር ነው። ወንድ ልጃቸው 4 ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቱ «ከማን ጋር መጣህ?» ስትለው በትክክል ይመልሳል፤ «ቁርስ መቼ በላህ?» ስትለው ግን «ነገ» ይላል። «መቼ ታመምክ?» ብትለውም «ነገ» ነው መልሱ። መምህርቱ እቤት ይጠና ብላለች። እናቲቱም የግድግዳ ሰዓት ይሻላል ወይስ ባለ ሥዕል የቀናት ሰንጠረዥ፣ በቀንስ ስንት ጊዜ ላስጠናው ብለው ይጠይቃሉ።

ከደብዳቤው መካከል ግን፣ ስለ ዋጋና ስለ ሰንጠረዥ በተጻፉት መስመሮች ተከብቦ፣ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «አባቱን ሲጠይቀኝ እንዳያለቅስና ተኝቶ እንዲያድር ‹ነገ ይመጣል› እለዋለሁ።» አባት የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከቴፒ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የመልስ ጭነት ካገኘ በሳምንቱ ይመለሳል፣ ካላገኘ ወረፋ ሲጠብቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያል። መቼ እንደሚመጣ እናቲቱም አያውቁም። ከዚያው ዝቅ ብሎ ልጁ ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በሩ ነው ይላል ደብዳቤው፤ አባቱ ቤት ሲኖር የጎማ ቦቲው የሚቆመው እዚያ ነውና። ቦቲው ከሌለ ዝም ብሎ ይመለሳል።

ይህ ልጅ ነገን ያውቃል። ማታ የተነገረው ቀን ሌሊቱ ሲያልፍ እንደሚመጣ ስለገባው ነው ጠዋት በሩ ላይ ሄዶ የሚያየው። አሳምሮ ቆጥሯል። የተሳሳተው ቁጥሩ ሳይሆን የተሰጠው ቀን ነው። ይህም አንድ ማታ ብቻ አልሆነም፤ አባት በሄደ ቁጥር ማታ ማታ ሆኗል።

ከዚህ የተማረውን በትምህርት ቤት መልሶ ይናገራል። ልጆች ቃልን የሚማሩት ምን ላይ ሲውል እንዳዩት ነው። በዚህ ቤት «መቼ» ተብሎ ሲጠየቅ ትልቅ ሰው «ነገ» ይላል፣ ጥያቄው ይዘጋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ይተኛል። መምህርቱ «መቼ?» ስትለው እሱም የሚያውቀውን መዝጊያ አወጣ። በዚህ ዕድሜ ትናንትና ነገ መምታታቸው የተለመደ ነው፤ ለብቻው ቢሆን ማንንም ባላሳሰበ ነበር። ይህ ልጅ ግን ቁርሱንም ሕመሙንም በአንድ ቃል ሲመልስ ጥያቄውን መሸኘት እንደሚፈልግ ያስታውቃል።

ትልልቅ ሰዎች ቃላቸውን መጠበቅ አለመጠበቃቸው ልጆች ምን ያህል እንደሚጠብቁ እንደሚወስን የሚያሳይ ጥናት አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን 28 ልጆች ለሁለት ከፈሉ። ለሁሉም አሮጌ የቀለም እርሳስ ተሰጥቶ «ቆይ፣ የተሻለ አመጣለሁ» ተባሉ። ለግማሾቹ መጣ፤ ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» ተባለ። ቀጥሎ አንድ ለስላሳ ከረሜላ ፊታቸው ቀርቦ፣ ሳይበሉ ከጠበቁ ሁለተኛ እንደሚጨመርላቸው ተነገራቸው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ፤ የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ። ሙሉውን 15 ደቂቃ የጠበቁት ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9 ሲሆኑ ከሁለተኛዎቹ 1 ብቻ ነው። ከረሜላውን ቶሎ የበሉት ትዕግሥት ስላነሳቸው አልነበረም፤ የሰውየውን «ቆይ» መዝነው ነው። ለዚያውም ቃሉ የታጠፈባቸው ቀኑን ሙሉ አልነበረም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ነው።

እናቲቱን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ዝናብ በጣራ ላይ ሲወርድ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ሌሊቱ ሲረዝም ብቻቸውን ናቸው፤ «አላውቅም» ማለትም እሳቸውንም ያስፈራል። እዚህ ላይ ግን የዚህ አምድ አቋም ግልጽ ነው፤ ሊለሳለስም አይገባውም። ልጅን ለማስተኛት ቀን መፍጠር ልማድ ሆኗል፤ በማሻ ብቻ ሳይሆን በየከተማው፣ በየዘመድ ቤቱ። «መርፌው አያምም»፣ «አሁን እመለሳለሁ»፣ «ነገ እንገዛለን» እየተባለ ልጅ ያድጋል፤ ከዚያ ጊዜ አይገባውም ተብሎ ሰንጠረዥ ይገዛለታል። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ነገና እናቱ የምትለው ነገ ካልተገናኙ ልጁ የሚያምነው የእናቱን ነው። በዚያ ላይ የእናቱ ነገ ሳይመጣ ይቀራል።

እውነተኛው መልስ አለ፤ ቀን የሌለውም መልስ ይሆናል። አባት ያለበት ይታወቃል። ወደ ማሻ የሚመጣው በጅማና በበደሌ ከሆነ ከበደሌ በኋላ መቱ፣ ከመቱ በኋላ ጎሬ፣ ከጎሬ በኋላ ማሻ ነው። «አባትህ ገና አዲስ አበባ ነው፣ ጭነት አላገኘም፤ ሲያገኝ ይደውላል፣ ሲደውል እነግርሃለሁ» የሚለውን የ4 ዓመት ልጅ ይረዳዋል። አባት በደሌ ሲደርስ ደውሎ ለልጁ በራሱ አፍ «በደሌ ነኝ» ቢለው ልጁ የቀሩትን ከተሞች በጣቱ ይቆጥራል፤ ይህ ደግሞ መምህርቱ ከጠየቀችው የፊትና የኋላ ትምህርት ሌላ አይደለም። መኪናው ቢበላሽ ወይም ዝናብ መንገዱን ቢቆርጠው መዘግየቱ በተሰማበት ሰዓት ለልጁ ይነገረዋል። ያለቅስ ይሆናል። ማታ በእውነት ምክንያት አልቅሶ በእናቱ ክንድ ላይ የሚተኛ ልጅ፣ ጠዋት ብቻውን በር ላይ ከሚቆመው ይሻላል። እናቲቱ ልቅሶውን መስማት ከብዷቸው ነው ወደ ጠዋት ያሻገሩት፤ ጠዋት ላይ ግን ድምፅ ስለሌለው አይሰማም።

ለአባትም የሚነገረው አለ። ሹፌርነት ቀን አይሰጥም፣ ስልክ ግን ይሰጣል። የመልስ ጭነት አለመገኘቱን ለሚስት ብቻ ነግሮ ልጁን «እሺ የኔ ጀግና፣ ነገ» ብሎ መዝጋት እናትን ለብቻዋ ሐሰት ላይ ይጥላታል። ሁለቱ አንድ መልስ ይስማሙና ያንኑ ይናገሩ።

እስከዛሬ ስለተባሉት ነገዎችም ልጁ አንድ ጊዜ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፦ «ነገ ይመጣል ያልኩህ ሳላውቅ ነው። ከአሁን በኋላ ሳላውቅ አላውቅም እልሃለሁ።» ልጆች እንዲህ ያለውን ይቀበላሉ፤ ወዲያው ግን አያምኑም። ጥቂት ጉዞዎች ተነግረው እንደተነገሩት እስኪሆኑ ልጁ ጠዋት ጠዋት ወደ በሩ መሄዱን ላይተው ይችላል፤ መከልከልም አያስፈልግም።

የግድግዳ ሰዓቱ 6 ወይም 7 ዓመት እስኪሞላው ይቆይ፤ ለአሁኑ ማታ «ዛሬ መጀመሪያ ምን አደረግን? ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መምህርቱም «ቁርስ መቼ በላህ?» ከማለት «ቁርስ የበላኸው ፊትህን ሳትታጠብ ነው ታጥበህ?» ብትለው መልሱን ታገኛለች።