ምክንያትንና ውጤትን መግለጽ፦ የዘገየው ድምፅ

በዚህ ትምህርት አንድ ነገር ለምን እንደሚደርስና ምን እንደሚያስከትል የሚያስረዳ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ትማራላችሁ። አስቀድማችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም መፍትሔው ከመነገሩ በፊት ምክንያቱ እንዴት ተለይቶ እንደ ወጣ ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ

ከአንድ ገደል 34 ሜትር ያህል ርቃችሁ ብትጣሩ፣ የገደል ማሚቶው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ በኋላ ይመልስላችኋል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ የሚጓዘው 343 ሜትር ያህል ነውና። በዚያን ጊዜ ድምፁ የዘገየው በመንገዱ ርዝመት እንጂ በእናንተ ጥፋት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

በቤቷ ሆና በኮምፒዩተር ዜማ የምትቀዳ ዘፋኝ ግን ይህን ላታውቅ ትችላለች። አስቀድማ የቀዳችውን ክራር በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ስታዜም፣ የገዛ ድምፅዋ ዘግይቶ ይደርሳታል። እርሱን ለመጠበቅ ስትል ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ምቱንም ትስታለች። ደጋግማ ከሞከረች በኋላ፣ «ለካ ዜማ አልችልም» ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ነው። በርናርድ ሊ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው ጽሑፍ፣ የራሱን ንግግር ዘግይቶ የሚሰማ ሰው ሳይወድ እንደሚንተባተብ ገልጿል።

ለመሆኑ መዘግየቱ ከየት ይመጣል? ኮምፒዩተር ድምፅን እንዳለ አይቀበልም። ብዙውን ጊዜ በየሰከንዱ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል። እነዚህንም ልኬቶች አንድ በአንድ ሳይሆን ባፈር በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ አጠራቅሞ ይወስዳቸዋል። ባፈሩን ከቧንቧ ሥር እንደ ተቀመጠ እንስራ ቁጠሩት፤ እንስራው እስኪሞላ ድረስ ውሃ ቀጂው መጠበቅ አለበት። በሰከንድ 48,000 ልኬት ሲመዘገብ፣ 1,024 ልኬቶች የሚይዝ ባፈር ለመሙላት 21 ሚሊሰከንድ፣ ማለት 21 የሰከንድ ሺኛ ያህል ይፈጅበታል። ድምፁ ተመልሶ ሲወጣም በሌላ ባፈር ስለሚያልፍ ጠቅላላው መዘግየት ከ42 ሚሊሰከንድ ይበልጣል። እያንዳንዱ ባፈር 128 ብቻ ቢይዝ ግን ሁለቱ በአንድነት የሚያዘገዩት 5 ሚሊሰከንድ ያህል ነው።

እንግዲያውስ ባፈሩን እስከ መጨረሻው ማሳነስ ይበቃል ትሉ ይሆናል። አይበቃም። በእንስራ ፈንታ ጣሳ የያዘ ውሃ ቀጂ ቶሎ ቶሎ መመላለስ ይኖርበታል፤ አንድ ጊዜ ቢዘገይ ውሃው ይፈሳል። ኮምፒዩተሩም 128 ልኬት የሚይዝ ባፈር ሲሰጠው በየ2.7 ሚሊሰከንዱ ሥራውን መጨረስ ይገባዋል። ካልቻለ ድምፁ ይንጣጣል፤ ይቆራረጣልም። ስለዚህ ተገቢው መጠን ድምፁ ሳይንጣጣ ሊደረስበት የሚቻለው ትንሹ መጠን ነው።

ከዚህም ሌላ ባፈር ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫ ድምፁን አምቆ በአየር ስለሚልክ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ያዘገያል፤ የባፈሩ ማነስም ይህን አያድነውም። በመሆኑም ከሁሉ አስቀድሞ ባለ ሽቦ ማዳመጫ መጠቀም ያስፈልጋል። ቀጥሎም፣ ማይክሮፎኑ የሚሰካበት ኦዲዮ ኢንተርፌስ ድምፁን በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚያሳልፍበት መንገድ ካለው ያንን መክፈት ነው፤ ያን ጊዜ የዘፋኟ ድምፅ በኮምፒዩተሩ ሳያልፍ ወደ ጆሮዋ ይደርሳል። ነገር ግን ያው ድምፅ ሁለት ጊዜ እንዳይሰማ በመቅጃው ፕሮግራም በኩል የሚመጣውን መዝጋት ይገባል።

ይህ መንገድ ከሌለ የድራይቨሩን ነገር መመርመር ያሻል። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አሲዮ የተሰኘ ስልት፣ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ድምፁ የሚያልፍበትን መንገድ ያሳጥራል። ድምፅን የሚያሳምሩ አንዳንድ ፕሮግራሞችም የሚቀጥለውን ድምፅ አስቀድመው መመልከት ስላለባቸው ያዘገያሉ፤ ስለዚህ በቀረጻ ጊዜ ይዘጉ። በመጨረሻ ባፈሩን በ128 ጀምሮ፣ ቢንጣጣ ወደ 256 ከፍ ማድረግ ነው። ቀረጻው አልቆ ድምፆቹ ሲዋሐዱ ግን የሚያዜም ሰው ስለሌለ ባፈሩን ወደ 1,024 ማሳደግ አይጎዳም።

10 ሚሊሰከንድ መዘግየት ከድምፅ ማጉያ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደ መቆም ነው፤ ብዙ ክራር መቺዎች ይህን ይለምዱታል። ዘፋኝ ግን ድምፁን በራስ ቅሉ አጥንት በኩል ወዲያው ስለሚሰማ ከዚህ ያነሰውንም ሊያውቀው ይችላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በዘፋኟ ላይ ከመፍረድ በፊት ድምፁ ያለፈበትን መንገድ መመርመር ይገባል።

ለ. ስለ አጻጻፉ

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ዘፋኟ ማዜም ከጀመረች በኋላ ምቱ ተዛባ።
2. ዘፋኟ ማዜም ስለማትችል ምቱ ተዛባ።

የመጀመሪያው የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን ይፈርዳል። «ከ… በኋላ» ጊዜን፣ «ስለ» ደግሞ ምክንያትን ያመለክታል። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለ ደረሰ ብቻ ከእርሱ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሳትመረምሩ ከመጀመሪያው አነጋገር ወደ ሁለተኛው አትሻገሩ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለአንድ ምክንያት «ስለ» እና «ስለዚህ» የሚሉትን ደራርቦ ማግባትም ስሕተት ነው፤ አንዱ ይበቃል።

ሐ. መልመጃ

1. «መቅዳት» የሚለው ግሥ በምንባቡ ውስጥ በሁለት ፍቺ ገብቷል። ለእያንዳንዱ ፍቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
2. በሰከንድ 48,000 ልኬት ሲመዘገብ 480 የሚይዝ ባፈር በስንት ሚሊሰከንድ ይሞላል? መልሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
3. ይህን ዓረፍተ ነገር አርሙ፦ «ማዳመጫው ብሉቱዝ ስለ ሆነ፣ ስለዚህ ድምፁ ዘገየ።»
4. በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ በሰው ላይ ተላክኮ ኋላ ግን ሌላ ምክንያት የተገኘለትን አንድ ጥፋት መርጣችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የታየውን፣ በሁለተኛው ምክንያቱን፣ በሦስተኛው መፍትሔውን ግለጹ።